በየብስ የተመረቀችው ጀልባ

በእኛ ወረዳ ስብሰባ ሊጀመር ሲል፣ ሰው ሁሉ «እርስዎ ከፍ ይበሉ፣ ኧረ እርስዎ» እየተባባለ ዓይኑን ግን ከክብር ወንበሩ ሳይነቅል ሲቀር፣ በር አጠገብ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ጉሮሮውን ይጠርግና አንዲት አባባል ጣል ያደርጋል። አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ካለ ግራ ይገባውና ምን እንደሚያስቅ ይጠይቃል። አጠገቡ ያለውም «ነገሩ ረጅም ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ነገሩ ረጅም ነው እያሉ ማለፍ አልወድም። ደግሞም ማን ይናገር የነበረ ይባላል። እኔ ነበርኩ። ከሰልፉ ኋላ በእግሬ እየተከተልኩ፣ አቧራውን እየቃምኩ፣ ሁሉንም በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

ከተማችን ጉማሬ በር የጣና ዳር ከተማ ትባላለች እንጂ ከሐይቁ ለመድረስ አንድ ረጅም ቁልቁለትና መጨረሻው ላይ አንድ አጭር አቀበት ያለው የጠጠር መንገድ አለ። ከአቀበቱ ጫፍ ሲደርሱ ውሃው ይታያል፤ ከውሃው ማዶም ሰምበሌጥ የምትባል ደሴት ትታያለች። ደሴቲቱ እስከ ስምንተኛ ክፍል የሚያስተምር ትምህርት ቤት አላት። የስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው ግን ከተማ ነውና ተፈታኞቹ በየዓመቱ በደንገል ታንኳ ተሻግረው ይመጣሉ። ሐይቁ ነፋሱን ካስነሣ ደግሞ ፈተና አለብኝ ቢሉት አይሰማም።

ይህ ነገር ከመሆኑ በፊት በነበረው ዓመት ነፋሱ ከፈተናው ዋዜማ ጀምሮ ሳያባራ ውሎ አደረና ልጆቹ ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ዳር ላይ እንደቆሙ ፈተናው አለፋቸው። ያ ሁሉ ልጅ ዓመቱን ደገመ። ከደገሙት አንዷ ብርቄ ናት፤ የርዕሰ መምህሩ የመምህር ንብረት ልጅ። አንዴ የተማረችውን ትምህርት ከታናናሾቿ ጋር ተቀምጣ እንደገና ስትማር አባቷ በመስኮት ቆሞ ያያት ነበር። ዘንድሮስ እንዴት ነው የምንሻገረው ብላ ጠየቀችው። እሱም ዘንድሮ በሞተር ነው ብሎ ቃል ገባላት።

መምህር ንብረት አዋቂ ሰው ነው፣ ደግ ነው፣ ጨዋ ነው። ጨዋነቱ ግን ጠበል የሚያስኬድ ዓይነት ነበር። መንገድ ላይ ሰላምታ ሲሰጥ አጎንብሶ ቀና እስኪል ድረስ ሰላም የተባለው ሰው ቤቱ ገብቶ ጫማውን ያወልቃል። «አይሆንም» የምትለዋን ቃል ሰሌዳ ላይ ሲጽፋት እንጂ ካፉ ስትወጣ የሰማ ሰው የለም። ይህ ሁሉ ጨዋነት አንድ ጊዜ ብቻ ጠቀመው፤ በየቢሮው ደጅ ሲጠና ከርሞ፣ ማንም ሳይሰለቸው፣ ከአንድ የረድኤት ድርጅት አንዲት የሞተር ጀልባ ከነተሳቢዋ አገኘ።

ተሳቢዋ ጀልባዋን አዝላ ከመኪና ኋላ የምትጎተት ባለሁለት ጎማ ጋሪ ናት። መምህር ንብረት ጀልባዋን ሊረከብ ባሕር ዳር ወርዶ በነበረ ጊዜ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሰንብቶ ተሳቢ እንዴት እንደሚሰናዳ እየጠየቀ፣ እየነካካ ተምሮ ነበር የመጣው። ስለዚህ ጀልባዋ በከባድ መኪና ተጭና ከተማችን ደርሳ ወረዳው ግቢ ውስጥ ስትወርድ፣ ከዚያ እስከ ሐይቁ ያለውን መንገድ ራሱ አሰናድቶ በወረዳው ፒካፕ እንደሚያስጎትታት ተናገረ። ዕቅዱ ግልጽ ነበር፤ እሑድ ጠዋት ጀልባዋ ውሃ ትገባለች፣ ነፋስ ሳይነሣ ደሴቲቱ ደርሳ ልጆቹን ታመጣለች፣ ልጆቹ ከተማ አድረው ሰኞ ይፈተናሉ።

ቅዳሜ ዕለት እሱና የፒካፑ ሹፌር ሙጬ ሲሠሩ ዋሉ። መጀመሪያ ያጋጠማቸው ችግር ይህ ነው። ፒካፑ ኋላው ላይ ያለው መጎተቻ ቡጢ የሚያክል የብረት ኳስ ሲሆን የተሳቢዋ አፍ ያንን ኳስ ጎርሶ ይቆለፋል። ኳሱ ለአፉ በጥቂቱ አነሰ። የሚተካ ቢፈለግ ከተማው ውስጥ ጠፋ። መምህር ንብረት ዙሪያውን እያየ ሲያስብ ቆየና፣ ጭነቱ ወደ ፊት አድልቶ አፉን ኳሱ ላይ ከተጫነው አይነቀልም፤ ቢነቀልም ሰንሰለት ይይዘዋል አለ።

የጀልባዋ ሞተር ኋላዋ ላይ ስለተሰቀለ ክብደቷ ወደ ኋላ ያደላል። እሱን ለማካካስ አፍንጫዋ የሚያርፍበትን ማቆሚያ ቡሎን ፈትቶ ወደ ፊት አስጠጋና ጀልባዋን ሳባት። ከዚያ የተሳቢዋን አፍ ጨብጦ ከመሬት ለማንሣት ሞከረ። በአንድ እጁ ተነሣለት። ቀሏል አለና እንደገና ቡሎን ፈትቶ እንደገና ሳባት። አሁን ሁለት እጁን አስገብቶ፣ ጥርሱን ነክሶ ሲያነሣው ብቻ ነቅነቅ አለ። ያን ጊዜ ደስ አለው። ሙጬ ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ ቢጠይቀው፣ «አህያ ጭነህ አታውቅም? ጭነቱ ወደ ኋላ ያደላባት አህያ ሜዳውን እንደምንም ትሄድልሃለች፤ አቀበት ስትጀምር ግን ከነጭነቷ ቁጭ ነው የምትለው» አለው።

ቀጥሎ የጀልባዋን ጅራት በሁለት ሰፋፊ ማሰሪያ ከተሳቢዋ ጋር ጠፈራት። ከፒካፑ ወደ ተሳቢዋ የሚሄዱትን ሁለት ሰንሰለቶች ከአፉ ሥር አመሳቅሎ አያያዛቸው፤ አፉ ቢወልቅ እንኳ ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል እንጂ መሬት አይነካም ብሎ። ጎማዎቹን አስነፋ፣ የፍሬን መብራቷን ሽቦ ራሱ ቀጠለ። ሙጬ ግቢውን ሲዞር ተሳቢዋ ፀጥ ብላ ተከተለችው፤ ከግራ ቀኝ ዝንፍ አላለችም። መምህር ንብረት እጁን ታጥቦ ወደ ማደሪያው ሄደ። ሥራው እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ አባባሉም አይኖርም፣ ብርቄም አታለቅስም ነበር።

ችግሩ እሑድ ምርቃት መኖሩ ነው። ምርቃቱን ያዘጋጀው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ሸጋው ነበር። በመጀመሪያው መርሐ ግብር እንግዶቹ ሐይቅ ላይ በጀልባዋ አንድ ዙር ሊዞሩ ነበር። አቶ ሸጋው ግን ውሃ ይፈራል። ይህን ማንም አይናገረውም፣ ሁሉም ያውቀዋል። በኋላ ሲጣራ ከእንግዶቹ መካከል መርጌታ ይሁኔም ይፈራሉ፤ የጀልባዋን ጥላና ትራስ ያሠሩት የእህል ነጋዴው አቶ ባንተአምላክም ይፈራሉ። ውሃ ዳር ተወልደው ያደጉ ትልልቅ ሰዎች ውሃ እንፈራለን ማለት ስለከበዳቸው፣ አቶ ሸጋው አንድ ብልሃት ዘየደ። እንግዶቹ ከወረዳው ግቢ ጀምሮ እስከ ሐይቁ ድረስ ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጠው በሰልፍ ይሄዳሉ፤ ሐይቁ ሲደርሱ ይወርዳሉ፤ ጀልባዋ ወደ ውሃዋ፣ እነሱ ወደ ምሳቸው። ሕዝቡም ያየናል፣ በየብስ ደግሞ ምን ይመጣል አለ። ሁሉም ይህ ነገር ብልህነት መሆኑን መሰከረ።

መምህር ንብረት ይህን የሰማው እሑድ ጠዋት ነው። ሰው ጭኖ መጎተት አደጋ እንዳለው ለማስረዳት ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ሁለቱንም ጊዜ ብርድ ይዞሃል እንዴ ብለው ጠየቁትና እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና ነኝ አለ።

መርጌታ ይሁኔ ቀድመው ደረሱ። ጀልባዋ ፊት ለፊቷ ላይ ባዶ ጣውላ መቀመጫ፣ ኋላዋ ላይ ደግሞ ጥላ የተዘረጋለት፣ ትራስ የተነጠፈበት ሰፊ አግዳሚ ነበራት። መምህር ንብረት እዚህ ላይ ጨዋነቱን እንደ መሣሪያ ሊጠቀምበት አሰበ። አባቴ፣ ፊቱ ለእርስዎ ነው፣ ለአባቶች የሚገባው ፊት ነው ብሎ ደግፎ ጣውላው ላይ አስቀመጣቸው። አቶ ባንተአምላክም ሲመጡ መኪና ላይ ጋቢና እንደሚከበረው ሁሉ ጀልባም ላይ ፊቱ ነው የሚከበረው አላቸውና አመኑት። ተከታትለው የመጡት ሽማግሌዎችም ጋቢና ጋቢና እየተባባሉ ወደ ፊት ተጠጋጉ። እኔ ከአጥሩ ሥር ቆሜ መምህሩን ሳየው ፊቱ ፈክቶ ነበር። ክብደቱ ሁሉ የሱ ሐሳብ እንደሚፈልገው ፊት ላይ አረፈ።

አቶ ሸጋው እንደ ትልቅ ሰው ዘግይቶ መጣ። ከመሳፈሩ በፊት ፒካፑና ተሳቢዋ የተገናኙበት ቦታ ቆሞ ሰንሰለቶቹን ተመለከተ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ።

«ለጥንቃቄ ነው፣ ጌታዬ። ምናልባት አፉ ቢወልቅ—»

«ልማት በሰንሰለት ታስሮ ሲመረቅ የት አይተሃል? ነገ ፎቶውን የሚያየው ሰው ምን ይላል?»

መምህር ንብረት እውነትዎን ነው አለ። ሙጬ እያጉረመረመ ሰንሰለቱን ፈታና ፒካፑ ላይ ወረወረው። በቦታው የሚያብረቀርቅ ሰፊ ሪባን በቀስት ቅርጽ ታሰረ። በእውነት ያምር ነበር።

አቶ ሸጋው መሰላሉን ሲወጣ ጀልባዋ ውስጥ ያሉት ሁሉ ብድግ አሉ። ኖር አሉት፣ በእግዜር አለ። ፊት ላይ ቦታ ሊለቁለት ተሻሙ። እሱ ግን ጣውላውንም፣ ፀሐዩንም፣ ሰዎቹንም አየና ቆመ።

«ሚኒስትር ከመኪና ሲወርድ በቴሌቪዥን አላያችሁም?» አለ። «የሚወርደው ከኋላ በር ነው። ፊት የሚቀመጠው ጠባቂው ነው።»

ይህን ብሎ ወደ ኋላ አለፈና ጥላው ሥር ትራሱ ላይ ተቀመጠ። መርጌታ ይሁኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በጠባቂ ቦታ ተቀምጠው እንደቆዩ ገባቸው። ፀሐዩ ጥምጣሜን ወጋኝ አሉና ተነሥተው ወደ ጥላው ሄዱ። አቶ ባንተአምላክ ትራሱን ያሠራሁት እኔ ራሴ ነኝ፣ ለምን እንደሚቆረቁር ልየው ብለው ተከተሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ምክንያትም አላስፈለገውም። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይነሣል፤ አግዳሚው ሲሞላ በጠርዙ ላይ፣ ጠርዙ ሲሞላ ሞተሩን ተደግፎ መቆም መጣ። ኋላ ላይ ቆሞ መሄድ ፊት ላይ ተቀምጦ ከመሄድ የበለጠ ክብር ሆነ። ከፊት የቀረው ለምርቃቱ የመጣው ከበሮ ብቻ ነበር።

ጅራቷን የጠፈረው ማሰሪያ በአግዳሚው ላይ ያልፍ ነበርና የአቶ ሸጋውን ወገብ ጎረበጠው። ይህን ገመድ አንሡልኝ አለ። መምህር ንብረት ሁለቱንም ማሰሪያ ፈትቶ አነሣለትና ይቅርታም ጠየቀው።

ያኔ ሙጬ መጥቶ የመምህሩን ክንድ ያዘና ወደ ፒካፑ ጎተተው። የፒካፑ ኋላ እንደ ተቀመጠ ሰው ሊነሣ ፈልጎ ነበር፤ ጎማዎቹ መሬቱን ለይስሙላ ይነኩታል። መምህር ንብረት ጎንበስ ብሎ ትናንት በሁለት እጁ፣ ጥርሱን ነክሶ ያነሣውን አፍ ነካ አደረገው። ከኳሱ ጋር ተንጠልጥሎ በሁለት ጣቱ ተወዛወዘ። ፊቱ አመድ ሲመስል አየሁት። ምን እንደሚሆን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል እርግጠኛ ሆኖ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር፤ ማዶ ደግሞ ብርቄ ደብተሯን ይዛ ትጠብቃለች።

ቀና አለና ወደ ጀልባዋ ተጠጋ።

«ክቡር ኃላፊ፣ እባክዎን ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከመካከላችሁ ጥቂት ሰዎች ወደ ፊት ጠጋ ቢሉ ጭነቱ ይስተካከል ነበር።»

አቶ ሸጋው ዙሪያውን አየና ፈገግ አለ። «ጥሩ ነው። ማን ይጠጋ? ስም ጥራ።»

መምህር ንብረት አንገቱን አስግጎ አንድ በአንድ አያቸው። መርጌታን እንዴት አድርጎ ይጠራል? ክርስትና ያነሡት እሳቸው ናቸው። አቶ ባንተአምላክን ቢጠራ ትራሱ የሳቸው ነው። ሽማግሌዎቹ ሁሉ አንተ እኔን ትጠራለህ በሚል ዓይን ያዩታል። አንዱን ወደ ፊት ጠጋ በል ማለት አንተ ታንሳለህ ማለት ሆነበት። መጨረሻ ላይ «የለም፣ ደህና ነው፤ ለማለት ያህል ነው» አለ። ያን ጊዜ ዘልዬ ገብቼ እኔ ስም በጠራሁ ብዬ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ። ግን ከአጥር ሥር ሆኖ ጀግና መሆን ለማንም አይከብድም።

እሱም ሌላ መላ ስላጣ ራሱ ጀልባዋ ላይ ወጥቶ ከፊት ከከበሮው አጠገብ ተቀመጠ። ሰውነቱ ቀጭን ነው፤ ቢሆንም ለራሱ የሚችለውን ክብደት አዋጣ። መርጌታ ይሁኔ ደግ ሰው ናቸውና ብቻውን ሲያዩት አሳዘናቸው። ልጄ ምነው ከሰው ተለየህ፣ ወደኛ ና አሉት። አይ አባቴ እዚህ ይሻለኛል አለ። በሞቴ ና አሉት። በሞቴ ከተባለ ምን ይባላል? ተነሥቶ ሄደና መርጌታ በጉልበታቸውና በሞተሩ መካከል ባበጁለት ቦታ ተሸጎጠ።

ሰልፉ ተነሣ። ቁልቁለቱ ላይ ሙጬ ትንሽ ሲፈጥን ጀልባዋ ከግራ ወደ ቀኝ መወዛወዝ ጀመረች፤ ጅራቷን ስትጥል ፒካፑንም ይዛው ትወዛወዛለች። መንገድ ዳር የቆሙት ሴቶች ጀልባዋ የምትጨፍር መሰላቸውና እልል አሉ። እልልታውን የሰማው አቶ ሸጋው እጁን አነሣና ሰላምታ ሰጠ። ከኋላ የምንከተለው እኛ አጨበጨብን። መምህር ንብረት ብቻ ሁለት እጁን የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ቸክሎ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ ይጸልይ ነበር መሰለኝ።

አቀበቱ ሥር ሲደርሱ ሙጬ ማርሽ ቀነሰ። መንገዱ ሽቅብ ሲሆን የጀልባዋ ሰዎች ሁሉ ይበልጥ ወደ ኋላ ተንሸራተው አንዱ በአንዱ ላይ ተደገፈ። የፒካፑ የኋላ ጎማ ጠጠሩን መበተን እንጂ መጨበጥ አቃተው። ሙጬ ነዳጅ ሰጠ። ፒካፑ አንዴ ነጠረና የተሳቢዋ አፍ ኳሱን ተፍቶ ሽቅብ ወደ ሰማይ ተነሣ። ሪባኑ ማንም መቀስ ሳያቀርብለት ተበጠሰ።

እኛ ግራና ቀኝ ተበታተንን። ጀልባዋ አፍንጫዋን ሰቅላ፣ በሞተሯ መሬቱን እያረሰች፣ ትልልቅ ሰዎቿን እንደያዘች ቁልቁል ተመለሰች። ከመንገዱ ዳር እማማ ዘርትሁን የሚባሉ ባልቴት ቤት ሊያስመርጉ ጉድጓድ አስቆፍረው፣ ጭቃ ከጭድ ጋር አስቦክተው ነበር። ጭቃው ሰንብቶ በደንብ በስሏል፤ የበሰለ ጭቃ ደግሞ ሽታው ምን እንደሚመስል ቤት የሠራ ያውቀዋል። ማሰሪያ የሌላት ጀልባ ከተሳቢዋ ላይ ተንሸራትታ በጅራቷ እዚያ ውስጥ ገባች። እግዜር ይመስገንና ከጭረትና ከድንጋጤ በቀር ማንም አልተጎዳም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ እውነተኛ መልኩን የያዘው። የጀልባዋ አፍንጫ ደረቅ መሬት ላይ ነበር። ኋላ ያሉት በጣውላው ላይ አራት እግር ሆነው ወደ ፊት ቢሄዱ፣ አንድ ዝላይ ነው፣ ይወጣሉ። ጭቃው ግን በጅራቷ በኩል እየገባ ጉልበት ደርሷል። አቶ ባንተአምላክ ለመርጌታ አባቴ ይቅደሙ አሉ። መርጌታ ኧረ ኃላፊው ባሉበት እኔ አልቀድምም አሉ። አቶ ሸጋው ደግሞ እንደ ጠባቂ ቀድሞ መውረድን ከቅድም ጀምሮ አውግዞታልና ሽማግሌዎች ይቅደሙ አለ። ሽማግሌዎቹ በዕድሜ ማን እንደሚበልጥ መጠያየቅ ጀመሩ። አንዱ የተወለድኩት በእንዲህ ያለው ዘመን ነው ሲል ሌላው ያን ጊዜ እኔ ጥጃ እጠብቅ ነበር ይላል። ጭቃው ወገብ ደረሰ። እኛ ከላይ ገመድ ወርውረን የመጀመሪያው ሰው እንዲይዘው ብንጮህ፣ ገመዱ ከእጅ ወደ እጅ በአክብሮት ይተላለፍ ነበር እንጂ የሚይዘው ጠፋ።

መምህር ንብረት ከሞተሩ ሥር ብቅ አለ። ከወገቡ በታች ጭቃ ነው። አጎንብሶ በእጁ ውስጥ ውስጡን ዳበሰና ውሃውን የሚቀዝፈውን የሞተሩን መዘውር ተሰባብሮ አገኘው። ከዚያ ይቅርታ እንኳ ሳይል በአቶ ባንተአምላክ ትከሻና በአቶ ሸጋው ጉልበት ላይ ተረማምዶ ወጣ። ወደ ሐይቁ ሮጠ። በሕይወቱ ሰው ሲቀድም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ተፈወሰ ብዬ ደስ አለኝ።

አልተፈወሰም። ወደ ደሴቲቱ ተሻግሮ የተፈታኞቹን ወላጆች ሰብስቦ፣ ነፋሱ ስለተነሣ እሑድን አሳልፎ፣ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ልጆቹን በታንኳ ማሻገር ጀመረ። ታንኳዎቹ ጥቂት ስለነበሩ መመላለስ ግድ ሆነ። እሱ ዳር ቆሞ የሰው ልጅ ይቅደም እያለ አንድ በአንድ ያሳፍር ነበር። የገዛ ልጁን ከሰው ልጅ ማስቀደም ነውር ሆነበት። ብርቄ የመጨረሻው ታንኳ ላይ ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር ተሳፈረች። መሐል ሲደርሱ ነፋሱ ተነሣና ቀዛፊው መለሳቸው። ከከተማው የፈተናውን ደወል ሰምታለች ይላሉ። ዘንድሮም ፈተናው አለፋት። ይህን ስጽፍ አሁንም ያንገበግበኛል።

ወረዳው አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው የተመረጠው ጉዳዩን በቅርብ ከሚያውቁ ሰዎች ነው ተባለ፤ እውነት ነው፣ ሁሉም ጀልባዋ ውስጥ ነበሩ። ሰብሳቢው አቶ ሸጋው ሆነ። ሙጬ ፍጥነት አብዝቷል፣ እማማ ዘርትሁን መንገድ ዳር ጭቃ አስቦክተዋል፣ የሚለው ውሳኔ ከማጣራቱ በፊት አልቆ ነበር። መምህር ንብረት ተጠይቆ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ፤ ኮሚቴውም ትሕትናውን አመስግኖ አሳለፈው። ሙጬ ከሥራው ሊባረር አንድ ምስክር ብቻ ቀረ።

እማማ ዘርትሁን ነጠላቸውን አስተካክለው አዳራሹ ውስጥ ገቡ። ኮሚቴው ግድግዳውን ተደግፎ ከኋላ በተደረደሩ ባለትራስ ወንበሮች ላይ ተቀምጧል። እንደ ወጉ ሁሉም ብድግ ብለው ኖር አሏቸው። አቶ ሸጋው ከጎኑ ያለውን ወንበር በእጁ መታ መታ አደረገ።

«እማማ፣ ከፍ ብለው ከእኛ ጋር ይቀመጡ። ሹፌሩ እንዴት ሲበር እንደነበር ይንገሩን።»

እማማ ዘርትሁን ወንበሩን አዩት፤ ከበር አጠገብ ያለውን ድንጋይ አዩት፤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«እኔ እዚሁ ይበቃኛል፣ ልጄ። ሹፌሩ ሲበር አላየሁም፤ መኪናው ጎማው መሬት መንካት አቅቶት ሲፍጨረጨር ነው ያየሁት። ከፊት ከበሮ ብቻ ነበረ። እናንተን አንድ በአንድ ከጭቃዬ በገመድ ያወጣኋችሁ እኔና ጎረቤቶቼ ነን፤ ያን ጊዜም እርስዎ ይቅደሙ ትባባሉ ነበር። ይህን ልጅ ከእንጀራው አታፈናቅሉት። የመምህሩም ልጅ እንባዋ አለ። እናንተ እንጽፍ ካላችሁ የፈለጋችሁትን ጻፉ፣ እኔ ያየሁት ግን ይህ ነው፤ ለክብሩ ኋላ የተቀመጠ፣ ከነጀልባው በየብስ ሰመጠ።»